ናኦድ ፉዡ ሊሄድ ነው

ሲያትል፣ ኅዳር 2002

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ያ ጉልበትሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ እኔን ላለማስጨነቅ ነው ስልክ ላይ ደህና ነኝ የምትዪኝ? እኔ ልጅሽ እንደ በሬ ነኝ። ትከሻዬ ብቻ በበር አያስገባኝም፣ ብታዪኝ አታውቂኝም። ሚስቴ ሊንግም ደህና ናት፣ ከወለደች ወር አልፏታል። ናኦድ ያንቺን ግንባር ይዞ ነው የወጣው፣ ሲቆጣ ራሱ አንቺን ነው።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ነው፣ እየሳቅሽ አንብቢው። ስልክ ላይ ልነግርሽ ስንቴ ካርድ ገዝቼ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ስለዚህ ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ እዚህ ቼሪ የሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ያገራችን ሰው፣ ለእህታቸው ልጅ ሰርግ አዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ይዘውልሽ ይምጡ ብዬ ነው።

ሶዶ በሚሉት የሲያትል ሰፈር ያለው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ከእኔ እኩል የሚነዳ አልተወለደም። ጠባብ ቦታ ሲገጥመው አለቃዬ ራሱ እኔን ነው የሚጠራኝ። ቤታችንም ሁለት መኝታ አለው፣ ግን አሁን አንዱን የሊንግ እናትና አባት ይዘውታል። ፉዡ ከሚባል የቻይና ከተማ ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው ነው። ኤርፖርት ስቀበላቸው ያገሬን ወግ ላሳይ ብዬ የሽማግሌውን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ ዕቃ የወደቀብኝ መስሏቸው እሳቸውም ሊያነሱልኝ ጎንበስ አሉ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨን። ሊንግ እስካሁን ትስቅብኛለች።

አራስነት እነሱም ጋ ቀልድ አይደለም እማዬ። እናቷ ወሩን ሙሉ ከደጅ አላስወጧትም። መስኮት አይከፈትም፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም፣ ጸጉሯንም አትታጠብም። በገንፎ ፋንታ የአሳማ እግር በዝንጅብልና በኮምጣጤ ይቀቅሉላታል፣ ሽታው ከታች ደረጃው ላይ ነው የሚቀበልሽ። እኔ አሳማ አልበላም ብዬ ምዬ ተገዝቻለሁ፣ እናቷ ግን ከስቷል እያሉ ሳህኔ ላይ ይጨምሩልኛል። እኔ ከስቼ! ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ እንዴት በቀለለኝ።

ወሩ ሲሞላ ድግስ አላቸው፣ እንቁላል ቀይ ቀለም ተቀብቶ ለእንግዳ ይታደላል። ያገሯ ልጆች ቤቱን ሞሉት፣ ከእኔ ወገን አብሮኝ የሚሠራው ሚኪ ብቻ ነበር። ጨዋታው ደርቷል፣ እኔም ቢራዬን ይዣለሁ። ሊንግ ናኦድን እንደታቀፈች በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠየቀችኝ። ወላጆቼ ቪዛቸው ሲያልቅ ሕፃኑን ይዘነው እንሂድ፣ ለትምህርት እስኪደርስ እኛ እናሳድገው ይላሉ፣ አንተስ ምን ትላለህ አለችኝ።

ነገሩ እነሱ ጋ የተለመደ ነው። ከፉዡ መጥቶ እዚህ ሬስቶራንት የሚሠራው፣ ጥፍር ማሳመሪያ ቤት የሚሠራው፣ ባልም ሚስትም ቀን ከሌት ሥራ ላይ ስለሆኑ ልጁን ለአያቶቹ ይልካል፣ ሲያድግ ያስመጣዋል። ሊንግ ደግሞ አንድ ብቻ ውለዱ በተባለበት ዘመን ነው የተወለደችው። ሽማግሌዎቹ ከናኦድ ሌላ የሚያቅፉት የልጅ ልጅ ከየት ያመጣሉ?

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ብድግ አልኩ። እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ እናቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ እኔ ደብረ ብርሃን በአያቴ እጅ ነው ያደግሁት፣ እስቲ እዩኝ፣ ምን ጎደለኝ፣ አንበሳ አይደለሁም ወይ ብዬ ደረቴን ደቃሁ። ሚኪ በአማርኛ፣ ተቀመጥ አንተ፣ የጠየቁህ ልጅ ነው እንጂ ፎርክሊፍት አይደለም አለኝ። ማን ሊሰማው! ሊንግ ለወላጆቿ ተረጎመችላቸው። እኔ ያን ሁሉ ለፍፌ የሷ ሁለት ቃል ብትሆን ነው። ሽማግሌው ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ፣ እንባቸው መጣ። እናቷ አንድ እግር ጨመሩልኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሊንግ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ውሃው ሲፈስ እሰማለሁ፣ ጸጉሯን ልትታጠብ ተፈቀደላት ብዬ ደስ አለኝ። ስትወጣ ጸጉሯ ደረቅ ነው፣ የራሰው ዓይኗ ነው። ምን ሆንሽ ብላት፣ በሰው ፊት የጠየቅሁህ ለምን ይመስልሃል ብላ ጀመረች። እኔ እናትና አባቴን እምቢ ብዬ አላውቅም፣ አልችልበትምም። አንተ ግን የውጭ ሰው ነህ፣ ጩኸታም ነህ፣ አንተ እምቢ ብትል ባሏ ባለጌ ነው ብለው ይተዉት ነበር፣ እኔንም አይቀየሙኝም ነበር። እምቢ እንድትልልኝ ነበር እኮ የጠየቅሁህ። በማያገባህ ሁሉ እምቢ ስትል ከርመህ ዛሬ እሺ ትላለህ? አለችኝ።

እኔ ልጅሽ ወጥቼ የእንግዶቹን ሳህን ሳጥብ አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳችውም። ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ሽማግሌው በየቀኑ ፉዡ ኮል እያደረጉ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል። እንዳይወድቅባቸው እዚያ ያለው ቤታቸው ደረጃ ላይ መዝጊያ አስገጥመዋል አሉ፣ ገና አንገቱ ላልጠና ልጅ! ቤት ውስጥ ያለነው ትልልቆቹ አራት ነን፣ ሁለቱ ደስታቸውን አልቻሉትም፣ ሁለታችን በይሉኝታ ታስረናል። ሐሙስ ፓስፖርት ልናወጣለት ቀጠሮ አለን። አባትም እናትም ቀርበው ካልፈረሙ አይሰጥም።

ጋሽ ኃይለ መስቀልን አማከርኳቸው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አይደል ያደግነው፣ ቃሌን እንዴት ልብላ አልኳቸው። ያን ተረት ያወጣው ሰውዬ ልጅ አልነበረውም አሉኝና ዕቃቸውን መደርደር ቀጠሉ።

እማዬ፣ ከቤይሩት የተመለስሽ ቀን ትዝ ይልሻል? እናትህ ናት፣ ሳማት ሲሉኝ የአያቴ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቅሁ፣ አይደለችም አልኩ። አንቺ ግን በሰው ሁሉ ፊት ከት ብለሽ ሳቅሽ። ጎረምሳ ሆኗል፣ ቆንጆ ሴት ሲያይ አፈረ አልሽና ሰውን ሁሉ አሳቅሽ። እኔ እስከዛሬ፣ ምንም አልመሰላትም ብዬ ነበር የያዝኩት። አንድ ቀንም ተናግሬሽ አላውቅም።

አሁን ሽማግሌው ናኦድን ደረታቸው ላይ አስተኝተው ሲዘፍኑለት፣ እዚህ ቤት ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚስቀው ማን መሰለሽ? እኔ ነኝ። ሊንግ ቀና ብላ ታየኛለች።

ይህን ስታነቢ ሐሙስ አልፏል፣ ስለዚህ ምከሪኝ ማለቴ አይደለም። ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግስት እደውልልሻለሁ። ስንነጋገር የሕፃን ለቅሶ ከተሰማሽ ባለጌው ልጅሽ እምቢ ብሏል ማለት ነው፣ መርቂኝ። ጸጥ ካለብሽ ግን አትጠይቂኝ። እንዲያው የሆነ ነገር አንስተሽ ሳቂልኝ፣ እኔም እስቃለሁ።

የአያቴን ነፍስ በገነት ያኑርልኝ። አንቺን ጉልበትሽን አበርትቶ፣ ደጅሽን ሳያዘጋ ያቆይልኝ። አሜን በዪ።

ልጅሽ፣
የናኦድ አባት