ሳትሰለፍ የዋልክባቸው ቀናት

ዳሚርዬ ልጄ፣ ፈጣሪ እግርህን ከስብራት፣ ልብህን ከብርድ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ጂሎንግ ከተማ ብርዱ ጀምሯል፣ የፍራፍሬ ሱቄንም ፖም ሞልቶታል።

የቀድሞ የእግር ኳስ አሰልጣኝህ ስቲፔ ትናንት መጥቶ፣ «አንቺ ፍራፍሬ ሻጭ፣ ልጁን ሳይበስል ቀጠፍሽው! እዚህ ከጎልማሶቹ ቡድን ጋር ሁለት ዓመት ቢጋፋ ምን ነበረበት?» አለኝ። «አንተስ አጨብጭበህ አይደል የሸኘኸው?» አልኩት። ወደ ቤልጅየም የወሰደህን ውል የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንንም በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ።

ጉልበቴን አሞኝ ነው የማልጫወተው ትለኛለህ። ቤልጅየም ያለው ክለብህ የተጎዱትን ስም በየሳምንቱ ያወጣል፤ የአንተን አላየሁም። ዛሬ ለድሮ ቡድንህ ታዳጊዎች በጨዋታ ዕረፍት የሚበሉትን ብርቱካን ስቆርጥ የአንተን ድርሻ በልማድ ለይቼ አስቀመጥኩ።

ፈጣሪ በወጣህበት ይከተልህ። እሁድ ስትደውል የጉልበትህን ነገር ተወውና ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዴት እንደዋልክ ንገረኝ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ፣ አብረን እንቀመጣለን።