ለሃንዱራ የመረጥኳት ጥጃ

ነገሌ፣ ኅዳር 1959 ዓ.ም.

ይድረስ በሻኪሶ ወርቅ ማውጫ ለሚገኘው ለባለቤቴ ለጃልዴሳ። አካም፣ ናጋ ነህ ወይ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ያዋለደችኝ ነርስ ከእትብቱ ደም በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ለምርመራ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ላከችው፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። ጎረቤታችን መሊካ «እንዴት ያለ ቀይ ልጅ ነው!» ስትለኝ ደስ አለኝ። ነርሷ ግን ደጅ አውጥታ በፀሐይ የዓይኑን ነጭ ገልጣ አየችና መልሳ አስታቀፈችኝ፤ ነጩ እንደ ቅቤ ቢጫ ነው።

አባትህም መጥተው ነበር። እትብቱ ስለወደቀ ለሃንዱራ፣ ለእትብቱ ስጦታ፣ የሚሰጡትን ጥጃ ይምረጡለት ብላቸው «ትንሽ እንቆይ፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። ለወንድምህ ልጅ ግን በተወለደ ዕለት ነበር የመረጡለት። ተናደድኩና እኔው ቀይዋን መረጥኩለት። እናቷ ለግጦሽ ስትወጣ የጥጃዋ ጩኸት ገበያ ድረስ ይሰማል። ልጃችን ግን ጨዋ ነው፤ ካልቀሰቀስኩት ለጡትም አይነቃም።

አባትህም መሊካም ሰላም ብለውሃል። የልጅህንም ሰላምታ ድምፁን ሰምቼ ልጨምርልህ ብዬ ብዕሬን ይዤ ብቆይ ቀለሙ ደረቀብኝ።

ናጋ ዋል።
ያንተው ዲንኪቱ