በአጥራችን ላይ የተጻፈው የኅዳር ጥያቄ

ውድ ባለቤቴ ተክሌ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። አርባህን በደንብ አወጣነው፤ ድንኳኑ ጠማማ ስለነበር ብቻ ሁለት ጊዜ አስፈትቼ አስተከልኩት። አንተ ብትኖር «ተይው፣ ሰው አያየውም» ትለኝ ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ጽድ ስለተቆረጠ አሁን ጭላሎ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ይታያል። ሰሞኑን ግን ጉሙ ከተራራው ወርዶ እስከ ቀትር ከመንገዱ አይነሳም። ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ ካልቀረበ መልኩ አይታይም።

ሰሌዳህን አላወረድኩትም። ጡረታ ከወጣህ ጀምሮ በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ሰቅለህ፣ በየማለዳው «በዛሬው ቀን በታሪክ ምን ሆነ?» እያልክ አንድ ጥያቄ ትጽፍበት ነበር፤ መልሱን በማግስቱ። ከአርባህ በኋላ ጠመኔውንም፣ የየቀኑን ጥያቄ አስቀድመህ የጻፍክበትን ደብተርህንም እኔ ተረከብኩ። አንተ መላሾችን «ተቃርበሃል» እያልክ ታሳልፋቸው ነበር፤ እኔ በአንድ ዓመት የሳተውን አላሳልፍም። አንድ የባጃጅ ሹፌር «እማማ፣ እርስዎ እኮ ከማትሪክ ይብሳሉ!» አለኝ። «አንተ ከማትሪክ በፊት ነው የቀረኸው፣ በምን አወቅክ?» አልኩት። ያን ቀን ሙሉ ለተሳፋሪው ሁሉ እያወራ ዋለ።

አሮጊቷ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማም ትመጣለች። ማንበብ ስለማትችል በምርኩዟ ቆማ ያገኘችውን መንገደኛ ታስቆማለች። «ሀርአ ማል ጄዳ? ዛሬ ስለ ማን ይላል?» ትላለች። ሲነበብላት ትሰማና «አይ፣ የኔ አይደለም» ብላ ትሄዳለች። ይህን ስንት ዓመት ስትል ሰማኋት፤ የእርጅና ነገር ይመስለኝ ነበር። አንተ ግን ድምፅዋን ስትሰማ ጠመኔውን እንደያዝክ ወደ ቤት ትገባ ነበር። በየዓመቱም በኅዳር ወር አንድ ቀን «ዛሬ ጥያቄ የለም» ብለህ ጽፈህ ሁሩታ ከተማ እህትህ ዘንድ ትሄድ ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

አንድ ቀን አንድ ገጽ፣ ወደ ፊት አትግለጪ ብለኸኝ ነበር። ታዘዝኩ። ነገር ግን ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚመጡት ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ተንሸራትተዋል፤ አንተ አላስተካከልካቸውም። የተሳሳተ ቀን በአጥሬ ላይ አልጽፍም። ስለዚህ ቀይ እርሳሴን ይዤ እስከ የካቲት ድረስ ላርም ተቀመጥኩ። የኅዳሩ ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

በታመምክ ጊዜ በተንቀጠቀጠ እጅህ የጻፍከው ነው። «በዚህ ቀን ከትምህርት ቤታችን የተወሰደው ተማሪ ማን ነው? ስሙን የሰጠውስ?» ከሁሉም ገጽ የዚህ ብቻ የመልስ ቦታ ባዶ ነው። ከገጹ ጋር አንድ ያረጀ ወረቀት ተጣብቋል።

ወረቀቱን ወዲያው አወቅኩት። በአብዮቱ ጊዜ አንተ መምህር፣ እኔ የዚያው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርን። አንድ ቀን አራት ስም አምጥተህ «የቀሪ ተማሪዎች ዝርዝር ነው፤ ገልብጪልኝና ቢሮ ይሂድ» አልከኝ። ሦስቱ በዚያ ሳምንት ከከተማው የጠፉ ነበሩ። አራተኛው ከድር ሁሴን ነው። እሱ ግን ትምህርቱን አቋርጦ ከከተማው ከሄደ ወራት አልፎታል፤ ከመዝገብም ወጥቷል። ከክፍል የቀረው ሌላው ከድር ነበር፣ ከድር አማን፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ቀርቷል። የአባቱን ስም የተሳሳትክ መሰለኝ። ሁሴንን በቀይ ሰርዤ አማን ብዬ ገለበጥኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ አንተ ክፍል ሳለህ ተላላኪው መጥቶ ወሰደው።

ከድር አማን የአዴ ፋጡማ ታናሽ ወንድም ነው። አብዮት ጠባቂዎች በጠራራ ፀሐይ ከክፍል አስወጥተው በመኪና ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እኔም ከሰው ጋር አለቀስኩ።

አሁን ገባኝ። የቀሪዎች ዝርዝር አልነበረም። አብዮት ጠባቂዎቹ የሚወስዷቸውን ልጆች ስም አምጣ ብለውህ፣ ሊያገኟቸው የማይችሉትን አራት መርጠህ ጻፍክ። እኔ አረምኩት። ረቂቁን ከጠረጴዛዬ አንስተህ ይህን ሁሉ ዘመን ደበቅከው። መልሱን ባዶ የተውከውም ለራስህ ብለህ አይደለም፤ እኔን ለመሸፈን ነው።

ልጃችን ሰላም ከአዳማ ስትመጣ ገጹን አሳየኋት። «እማዬ፣ በናትሽ ቅደጂው። ማን ያውቃል?» አለችኝ። «እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «አዴ ፋጡማ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏት። የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ?» አለች። እሱን አላውቅም። ሰላም እያለቀሰች ተመለሰች።

ዛሬ ቀኑ ነው። ማለዳ ጥያቄህን አንድ ቃል ሳልለውጥ ጻፍኩት። የባጃጁ ሹፌር አንብቦ አልቀለደም፤ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ከዚያ የምርኩዙ ድምፅ በጉሙ ውስጥ መጣ። አዴ ፋጡማ አስነበበች። እንደገና አስነበበች። «የኔ አይደለም» አላለችም። ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጆቿ ሊወስዷት መጡ፤ እምቢ አለች፤ እነሱም አልሄዱም። ይህን ስጽፍልህ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ እኛ በር አዙረው ቆመዋል። ቀትር አልፏል፤ ጉሙ አልተነሳም።

መልሱ በማግስቱ ነው የሚለውን ሥርዓት አንድም ቀን አልጣስኩም። ግን ያቺ ሴት ይህን ያህል ዘመን ጠብቃለች፤ አንድ ሌሊት አልጨምርባትም። በሰሌዳም አልነግራትም፣ ማንበብ አትችልም። ይህን ወረቀት አጥፌ ነጠላዬን እለብስና ወጥቼ በአፌ እነግራታለሁ። አንተ ያደረግከውን አስቀድሜ፣ እኔ ያደረግኩትን አስከትዬ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም፤ በሩን ግን ከኋላዬ አልዘጋውም።

ተክሌ፣ ከእኔ ስለደበቅከው አላመሰግንህም። ልጆቹን ልታተርፍ እንደሞከርክ ግን እስትንፋሴ እስካለች አልረሳም። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰውም እንዲያውቀው አደርጋለሁ።

ባለቤትህ