ልጄ በቀጠሮው ቀን በሩ ላይ ነበረች

ቀን፦ የካቲት 11

ለተከበሩ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ምስክሯ አልቀረበችም» ተብሎ በመዝገቤ ላይ የተጻፈው እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰፋሁት አብዛኛው በዚሁ ግቢ የሚለበስ የዳኛና የጠበቃ ካባ ነው። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ፍርድ ቤቱን ከሩቅ ሆኜ የማማ ሰው አለመሆኔ እንዲታወቅልኝ ብቻ ነው።

1. የሱቄ አከራይ ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቁልፌን ሰብረው የስፌት ማሽኖቼን ዝናብ ላይ አወጡና በሩን በራሳቸው ቁልፍ ዘጉት። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግን «በፈቃዷ ለቃ ወጣች» አሉ። ሱቅ ልትከፍት ቀድማኝ የሄደችው ልጄ ሲሰብሩ በዓይኗ አይታለች። ሌላ ያየ ሰው የለም። እሷ ካልመሰከረች ሱቁን እንዳጣሁት እቀራለሁ፤ እስከዚያው የምሰፋው መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው።

2. በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው ስልጠና ላይ ናቸው ተባልን። በሁለተኛው መብራት የለም ተባልን። በሦስተኛው፣ ጥር 14 ቀን፣ እኔ ችሎት ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ልጄ ምስክር ስለሆነች ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆየች። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንዲት የችሎት ሠራተኛ «የእናንተ ዛሬ አይታይም፣ ቀኑን ሰሌዳ ላይ እዩ» አሉን። እኔና ልጄ አብረን ወደ ቤት ሄድን።

3. ከአሥር ቀን በኋላ የትእዛዙን ግልባጭ ሳወጣ እንዲህ ይላል፦ «የከሳሽ ምስክር ተጠርታ ስላልቀረበች ለመጨረሻ ጊዜ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል፤ በዚያም ካልቀረበች ምስክርነቷ ይታለፋል።»

4. እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መደበቅ አልፈልግም። ወረቀቱ ማኅተም አለው። ቤት ገብቼ ልጄን «ስትጠሪ የት ሄደሽ ነው?» ብዬ ተቆጣኋት። ለካ ኮሪደሩ ላይ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ኖሮ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ ከእኔ ወረቀቱን አመንሽ?» አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። አዎ፣ አምኜው ነበር።

5. በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። እዚያ ያሉት ሠራተኛ፣ ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው፣ ያን ቀን ፋይሌ በስህተት ሌላ ችሎት ሄዶ እንደነበር ነገሩኝ። «ታዲያ ምስክር ቀረች ለምን ተባለ?» ብላቸው፣ «ፋይል ጠፋ ተብሎማ አይጻፍም፤ ምስክር አልቀረበም ነው የሚባለው። የተለመደ ነው» አሉኝ። በእኒህ ሰው ላይ ምንም እንዳይደርስባቸው እለምናለሁ። ከዚህ ግቢ እውነቱን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

6. ጠበቃዬ ይህን አቤቱታ እንዳልጽፍ መክረውኛል። «ትንሽ ነገር ነው፣ ዳኛውን አናስቀይም» አሉ። የትከሻቸውን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለካ የድፍረታቸውን ልክ አላውቅም ነበር።

7. ልጄ ዘንድ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ይመጣሉ። አንዷ ስልኳን ተሰርቃ «ፋይል ከማስከፈት ስልኩን መርሳት ይቀላል» ብላ ተቀምጣለች። ሌላዋ «ጠበቃ ማለት ቀጠሮ ማስረዘም የተማረ ሰው ነው» ትላለች። «በሩ ሲሰበር ቀርጸሽ ብትለቂው ኖሮ እስከ ማታ ሱቁ ይከፈት ነበር» ያለቻትም አለች። ለፍርድ ቤት ወግና ከእነሱ ጋር ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስትከራከር የነበረችው የእኔው ልጅ ናት። ተሰፍቶ ያለቀ ካባ ለብሳ መስታወት ፊት ርዝመቱን ስትለካልኝ፣ «ክብርት ከሳሽ፣ ቃልዎን ያሳጥሩ» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። አሁን ጥቁሩን ጨርቅ አትነካውም፤ የካባውን ቁልፍ የምተክለው እኔው ነኝ። ጓደኞቿ ሲያወሩም መከራከሩን ትታለች። ተቆጥቻለሁ ክቡር ሆይ፣ ከሱቁም ይልቅ በዚህ ተቆጥቻለሁ።

8. ለተለዋጩ ቀጠሮ፣ ለመጋቢት 2 ቀን፣ ቅረቢ ስላት እንዲህ አለችኝ፦ «የነበርኩትን አልነበረችም ብለው የጻፉ ሰዎች፣ ያየሁትን እንዴት አድርገው ሊጽፉት ነው?»

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። በግቢው በር ላይ ስልክ ተቀብለው የሚመዘግቡበት ደብተር አለ። ጥር 14 ቀን ልጄ ስልኳን ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ አስረክባ ስድስት ሰዓት ሲሆን መውሰዷ፣ ከነፊርማዋ እዚያ ላይ ይገኛል። ጥበቃው አሳይተውኛል፤ ግልባጭ መስጠት ግን አልተፈቀደላቸውም። ደብተሩ ይታይልኝ፣ የተጻፈው ይታረም፣ የመጨረሻ የሚለውም ማስጠንቀቂያ ይነሳ። የታረመውን ደግሞ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይሰጠኝ፤ እቤት ወስጄ የማሳየው ሰው አለኝ።

ልጄ እምቢ ካለች በፖሊስ ተይዛ መቅረብ እንደምትችል ጠበቃዬ ነግረውኛል። ያን አልፈልግም። በገዛ እግሯ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።

እኔ ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። የእኔን ተቀብላለች። የእናንተን እየጠበቀች ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ከሳሽ፣ ካባ ሰፊዋ

አባሪ፦ የትእዛዙ ግልባጭ፣ አንድ ገጽ