ደጉ የተገኘ ዕለት

የአቤልን ደም ጩኸት ከምድር በሰማው በአንዱ አምላክ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሰላምታዬ ይድረስህ።

የተወደድህ ታናሽ ወንድሜ ሆይ፤ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ ሙቀት ለደም ግፊትህ ተስማማልህን? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እንደ ቀድሞው ማኅሌት ቆሜ ማደር ባልችልም ተቀምጬ የተማሪዎቹን ዜማ አርማለሁ። ስልክ ስደውልልህ አታነሣም፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት በመንገደኛ እጅ ልኬልሃለሁ።

«የቧንቧ ውሃ ልጆች» የተባለውን የቴሌግራም ቡድን ታውቀዋለህ፤ አንተም አለህበት። የባለሱቁ የሙሄዲን ልጅ ሱሀይላ የደሴ ሰፈራችንን ሰው ከየሀገሩ ለቅማ ሰበሰበችን። ጥርሱ ያለቀው ሁሉ እዚያ ሲገባ ልጅ ነው። ፎቶዬን ብለጥፍ አንዱ «መሪጌታ፣ ጥምጣሙ ከየት መጣ? እኛ የምናውቅህ የጨርቅ ኳስ ስታባርር ነው» አለኝ፤ ሌላው «ተወው፣ ያኔም ኳሷን በግዕዝ ነበር የሚረግማት» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ኋላ ግን ወሬው ወደ ካሳዬ ዞረ። በወጣትነታችን በቧንቧው ወረፋ ጠብ ተነሥቶ፣ ካሳዬ በብረት ተመትቶ ጭንቅላቱ ተከፍቶ ሞተ። ከግርግሩ መካከል የመታውን በዓይኔ አየሁ ያለ አልተገኘም። እናታችን እንደ ልጇ ያሳደገችው ወላጅ አልባው ደጉ ግን ሸሚዙ በደም ተነክሮ በዚያው ቀን ከሰፈር ጠፋ፤ ሰውም ገዳዩ እርሱ ነው ብሎ ፈረደ። እናታችን እስክትሞት ድረስ በጸሎቷ የደጉን ስም ከእኛ አስቀድማ ትጠራ ነበር። አንተ ያን ስም ስትሰማ ተነሥተህ ትወጣ እንደ ነበር አልረሳሁም።

ሱሀይላ «ወላሂ፣ ደጉን ፈልገን እናግኘው፤ የሆነውን በአፉ ይንገረን፤ ከካሳዬ ልጅ ጋርም እናስታርቀው» ብላ ጻፈች። ሁሉም «አሜን» አለ። አንተ ዝም አልህ።

ብዙም ሳይቆይ ፎቶ የሌለው፣ ራሱን «የሆጤ ልጅ» ያለ ሰው «ደጉ ተገኘ፤ እልል በሉ!» ብሎ ጻፈ። ስሙን ለውጦ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ዘበኛ እንደ ሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚቆም፣ መቼ ከሥራ እንደሚወጣ ሳይቀር ዘርዝሮ አወጣው። ሰፈሩም በልብና በአበባ ምልክት አጥለቀለቀው። እኔ ግን መልእክቱን ደግሜ አነበብሁት። ደጉ ባለፈው ፋሲካ ራሱ ቤቴ መጥቶ የሚኖርበትን ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ደስታው ቢበዛብኝ በስልክ ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬ፣ አደራ ብዬ ነበር። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ካነበቡት አንዱ የካሳዬ ልጅ ገበየሁ ነበረ፤ ካሳዬ ሲሞት በእናቱ ማኅፀን የነበረው። ሱሀይላ «መሪጌታ፣ ገበየሁ ገጀራ ይዞ ኮምቦልቻ ወርዷል አሉኝ፤ ይድረሱለት!» ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ። በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ዳዊቱ ከአፌ እየተበተነ አስቸገረኝ።

ስደርስ ፈረቃ እየተለወጠ ሠራተኛው ከበሩ ይጎርፋል። ገበየሁ በመካከላቸው ተሹለክልኮ ደጉ ፊት ቆመ። «የካሳዬ ልጅ ነኝ፤ ዕወቀኝ!» አለው። ደጉም ዱላውን ጥሎ «አባትህን ትመስላለህ» አለው። የመጀመሪያው ምት ደጉ ያነሣውን እጅ ከአንጓው ቆረጠው፤ ሁለተኛው ከትከሻው ገባ፤ ሌላው ጆሮውን ከጉንጩ ጋር ወሰደው። ሴቶቹ ሠራተኞች እየጮኹ በምሳ ዕቃቸው ገበየሁን ይወግሩት ጀመር። እኔም በመቋሚያዬ ክንዱን ብመታው መቋሚያው ለሁለት ተሰበረ፤ እርሱ ግን ሰው ተረባርቦ እስኪጥለው ድረስ «ባባቴ! ባባቴ!» እያለ የወደቀውን ይቆርጥ ነበር።

ደጉ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ቆየ። ብቻችንን ስንሆን ሁሉን ነገረኝ፤ ካሳዬን ከወደቀበት ያነሣው እርሱ እንደ ነበር፣ ብረቱ ግን ከማን እጅ እንደ ወደቀ። ከዚያም ማተቤን አስይዞ «ስሙን ለማንም እንዳታወጣው፤ የእማማን እንጀራ በልቻለሁ» ብሎ አስማለኝ። ማልሁ። በዚህ ወረቀት ላይ እንኳ አላወጣሁትም። የተቆረጠ እጁን ከጎኑ አድርጌ በገዛ እጄ ገነዝሁት።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። የደጉ ልጅ ጥበቡ በቢስቲማ ከተማ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀምጧል። ገበየሁ ታስሯል፤ ጥበቡ ግን «ወንድ ልጅ አለው አይደል?» ይላል። ያ ልጅ ከቤት መውጣት ትቷል። ሽማግሌዎች እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ዋስ ጠርተው ጥበቡን አስታግሠዋል። በደም ዕርቅ የገዳይ ወገን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት እንደሚወድቅ ታውቃለህ። የገበየሁ ዘመዶች ግን «የካሳዬን ደም ነው የመለስነው፤ ምን ቆርጦን ድንጋይ እንሸከማለን?» ብለዋል። ጥበቡም «አባቴ ሰው አልገደለም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጥይቱ ይሄዳል» ብሎ መለሰ። ካሳዬን የመታው ሰው በሁለቱም ወገን ፊት ወድቆ፣ በገዛ አፉ «በእኔ እጅ ነው» ካላለ በቀር የገበየሁ ወገን አይንበረከክም፤ ልጁም አይተርፍም።

ዛሬ ወደ ቧንቧው ሄጄ ነበር። ውሃው ከተቋረጠ ቆይቷል። ከፈረሰው ግንብ ሥር አንድ ድንጋይ መርጬ አመጣሁ፤ የስልሳ ዓመት ሰው ማጅራት ይችለዋል። አጥቤ ከደጃፌ አኑሬዋለሁ። ጎረቤቶቼ ለማን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ «እንግዳ አለብኝ» እላቸዋለሁ። በእናታችን ክፍል አልጋ አንጥፌለታለሁ። እንግዳዬ በሰው ፊት በሚወድቅበት ጊዜ ብቻውን አይወድቅም፤ ጉልበቴ ቢያመኝም አብሬው እወድቃለሁ።

አምላከ አበው ቤትህን ይባርክ። ለባለቤትህ ጤና፣ ለልጆችህ ረጅም ዕድሜ ይስጥ፤ ባላፈሰሱት ደም አይጠይቃቸው። ከኅዳር ሚካኤል በፊት ወደ ደሴ የሚያመጣውን መንገድ ያቅናልህ፤ አሜን።

ደጉ ባደገበት ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅህ፣
ታላቅ ወንድምህ