በስምሽ የምልካት ልጅ

ውድ ልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ፊደሉ ቢጣመም ታገሺኝ።

ከሞትሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የሥራ ባልደረቦችሽ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ ለተነሱ ወጣቶች በስምሽ የመታሰቢያ ድጋፍ አቋቁመዋል። በየዓመቱ አንድ ወጣት መርጠው ለሥራው የሚያስፈልገውን ሊያሟሉለት ነው። የመጨረሻውን ፊርማ ለእኔ ተዉልኝ፤ ማክበራቸው ነው። እኔም ምን እንደሚመጣብኝ ሳላውቅ እሺ አልኩ።

የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። አንቺ የጀመርሽውን የሽመላ ቆጠራ መጨረስ ትፈልጋለች፤ እዚያው ሐይቅ፣ እዚያችው ደሴት ላይ። ማመልከቻዋን አነበብኩት። አጣጥፌ ከጨርቆቹ ሥር ሸጎጥኩት። አለቃሽ ደውሎ ሲጠይቀኝ ገና አልደረሰኝም አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። ልብስ ልታሰፋ የመጣች መስሎኝ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀበልኳት። ለካ የልጅቷ እናት ነች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ ሐይቁ የማንን ልጅ እንደወሰደ ሰምታ መምጣቷን ነገረችኝ።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «እባክሽ አትፈርሚ።»

አልፈርምም ብዬ ማልኩላት። ተቃቅፈን አለቀስን።

በማግስቱ ልጅቷ ራሷ መጣች። እናቷ ነግራታለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«እማማ፣ ባይፈርሙም እሄዳለሁ» አለችኝ። «ግን ብቻዬን ነው የምሄደው፤ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ተውሼ።»

ክው አልኩ። አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አባትሽም አያውቅም። በመጨረሻው ሳምንት አንቺም እዚሁ ቆመሽ፣ ቀዛፊ የምትቀጥሪበትንና ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት የምትገዢበትን ገንዘብ እንድሰጥሽ ለምነሽኝ ነበር። ነበረኝ። የለኝም አልኩሽ። ከከለከልኩሽ የምትቀሪልኝ መስሎኝ ነው። አልቀረሽም። ብቻሽን ሄድሽ፤ ነፋስ ተነሳ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። ሰው ሁሉ ያንን ነፋስ ይረግማል። እኔ አንድም ቀን ረግሜው አላውቅም።

ወረቀቱን አውጥቼ ፊቷ ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር ግን በእጄ ጽሑፍ ጨመርኩበት፦ ብቻዋን ጀልባ ላይ እንዳትወጣ፣ ጃኬቷን ከላይዋ እንዳታወልቅ፣ በየቀኑ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድትደውል። ከዚያ እናቷ ቤት ሄጄ መሐላዬን ማፍረሴን ነገርኳት። ለምን እንደሆነም ሳልደብቅ ነገርኳት። ብታባርረኝ አልፈርድባትም ነበር። እሷ ግን፣ እንግዲያው ስልኩን አብረን እንጠብቃለን አለችኝ።

እየጠበቅን ዘጠኝ ቀን ሆነን። ትናንት ሰዓቱ አለፈ። ከሩብ ሆነ፤ ተኩል ሆነ። እናቷ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልታየው አልደፈረችም። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ዛፉ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አያለሁ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ ጠራ። ቀዛፊው ማዕበሉ እስኪበርድ አልንቀሳቀስም ብሎ ልጅቷን ደሴቷ ላይ አቆይቷት ኖሯል፤ እዚያ ስልክ ስለማይሠራ የደወለችው ዳርቻ ከደረሰች በኋላ ነው። እናቷ አነጋግራት ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ፈራችሁ እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ።

«በጣም» አልኳት።

«እኔም» አለችኝ። «ሽመላዎቹ ግን ከጎጇቸው ንቅንቅ አላሉም።»

ልጄ፣ አንቺን ፈርተሽ እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም። መንገዱን ልዝጋብሽ ስል አብሬሽ መፍራትን ረሳሁት። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሴትዮዋ ደረጃውን ስትወጣ ይሰማኛል፤ ተነስቼ ልክፈትላት። ልጅቷ እስክትመለስልን ድረስ እናቷን አንድም ቀን ብቻዋን አልተዋትም።

ይቅርታሽን የምትለምን
እናትሽ