የመጨረሻው ፉርጎ እስኪነቃነቅ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ማታ።

ዛሬም ስለ ጎሽ። መ/ቤት ቁጭ ብዬ ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር ቴሌግራም። አለቃዬ ገላመጠኝ። ይገላምጥ።

ማስታወሻዬ፣ ለሌላ ሰው ብነግረው አበደች ይለኛል። ጎሽ ማለት እኛ የባቡር ወዳጆች ለአንድ የውጭ አገር የናፍጣ ባቡር ያወጣንለት ስም ነው። ጭነት ጎታች። ባለ ስድስት ጥንድ መንኮራኩር፣ አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ፣ ሲያጓራ ደረት የሚያንቀጠቅጥ። ማናችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ያለን ቪዲዮ ነው። ግን እንደ ርስት እንጣላበታለን።

ጠቡ ይኸው። በቪዲዮው ጎሽ ረጅም የጭነት ባቡር ይዞ ዳገት ላይ ቆሟል። ከዚያ ጎትቶ ይነሳል። የባቡሩ ጅራት ከኮረብታው ጀርባ ስለሆነ አይታይም። ኢ/ር ታምራት፣ የማኅበራችን አዋቂ፣ ይህን ሁሉ ጭነት ብቻውን አያነሳም፣ ከኋላ የሚገፋ ሌላ አለ ይላል። እኔ ብቻውን ነው እላለሁ። ማስረጃ አምጪ ሲሉኝ ግን፣ በቃ፣ የለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

ጋሽ ግርማ፣ ሰብሳቢያችን፣ ቴሌግራማችን ላይ ትልቅ ዜና ለጠፉ። ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የጭነት ጣቢያ ፈቃድ ተገኝቷል። ከመካከላችን አንድ ሰው በአንድ የናፍጣ ባቡር ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። አንድ ብቻ። ባቡሩ ጎሽን አያክልም፣ የጎሽ የእህት ልጅ ቢባል ነው። ግን እውነተኛ ነው!

ልጅ ሆኜ ለገሃር አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ባቡር አይ ነበር። አንድ ቀን ሹፌሩ ከጋቢናው እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምመኘው ያንን ወንበር ነው።

እኔ ልሂድ ብዬ ጻፍኩ። ታምራትም ጻፈ። ሁሉም ለእሱ አደሉ፤ እኔ ከታች ሆኜ ፎቶ እንዳነሳ ተመደብኩ። ፎቶ! ብቸኛዋ ሴት ስለሆንኩ ነው ወይ አልኳቸው። ኧረ በፍጹም፣ አሉ በአንድ አፍ። ጋሽ ግርማ ነገሩን ለማብረድ፣ ቅዳሜ በጎሽ ክርክር የረታ ይሂድ ብለው ወሰኑ። ታምራት የሳቅ ምልክት ልኮ ተስማማ። ሳቅ! ንዴቱ እራት አላስበላኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ጠዋት፣ ታክሲ ውስጥ።

አገኘሁት! ሚኒባሱ ይንጠኛል። ጽሑፌን ቻዪው።

ጎተራ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሰልፉ እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ይጠማዘዛል። ታክሲ መጣ፣ የፊቶቹ ገቡ። እኔ ግን እንደቆምኩ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ተራመደ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ። አንድ በአንድ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ቆይቶ አንዱ ችኩል ከኋላ ገፋ። ሁላችንም ተጣበቅን፣ የሴትዮዋ ዘንቢል ወገቤ ውስጥ ገባ። በመካከላችን ክፍተት የሚባል ጠፋ።

ፉርጎዎችም እንዲሁ ናቸው! ማያያዣቸው ላይ ትንሽ ላላ ያለ ክፍተት አለ። ጎታቹ ሁሉንም በአንዴ አያነሳም፤ አንዱን ያነሳል፣ ከዚያ ቀጣዩን። ከኋላ የሚገፋ ቢኖር እንደ እኛ ይጣበቁ ነበር። ቪዲዮውን ከፈትኩ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ፣ ድምፁ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ የመጣ አንድም የለም። ጎሽ ብቻውን ነው!

መውረጃዬን አለፍኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ማታ።

ካዛንቺስ። የድሮው ካፌያችን ፈርሷል፤ አሁን የምንሰበሰበው ከአዲሱ አስፋልት ማዶ ነው። ማኪያቶ ሳይቀርብ ማስረዳት ጀመርኩ። ወንዶቹ እኔን እየሰሙ ታምራትን ያያሉ። እሱ ደግሞ ሰውና ብረት አንድ አይደለም ብሎ ዘጋኝ።

ደሜ ፈላ። ተነሱ አልኳቸው። እውነት ተነሱ!

ሁሉንም ወደ ታክሲ ተራው ወሰድኳቸው። አሰለፍኳቸው፣ እያንዳንዱ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የፊተኛውን ኮት ይዟል። ጋሽ ግርማ ጎሽ ሆነው ከፊት፣ ጃንጥላቸውን እንደያዙ። ታምራት መጨረሻ። ተራ አስከባሪው የት ናችሁ፣ ቦሌ ነው መገናኛ ይለናል። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። ጋሽ ግርማ ተራመዱ። ክንድ ተዘረጋ፣ ቀጣዩ ተነሳ፣ ሌላ ክንድ፣ ሌላ ሰው። አንዱ ዞሮ ታምራት ምነው ቆምክ አለው።

“ኧረ እኔ ጋ ገና አልደረሰም!”

የተናገረውን ራሱ ሰማው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ቀጥሎ ተራ አስከባሪውን ከኋላ ግፋን አልኩት። ጎበዝ ነው፣ አልሰሰተም። ሁሉም ተደራርበው ጋሽ ግርማ ጀርባ ላይ። ሳቅ በሳቅ! ታምራት ከሳቁ መሃል እጁን ዘረጋልኝ። ሮማን፣ ጋቢናው ያንቺ ነው አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ረታሁ! ማስታወሻዬ፣ ረታሁ! ደስታዬን የት ላስቀምጠው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ጠዋት፣ ጋቢና ውስጥ።

አዎ፣ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ወንበሩ ሞቅ ያለ ነው፣ የናፍጣ ሽታ። ሹፌሩ ምን ትጽፊያለሽ እያሉ ይስቁብኛል። ሞተሩ ከእግሬ ሥር ያጓራል፣ ፊደሎቼም አብረው ይንቀጠቀጣሉ።

ፎቶ አንሺው ታምራት ነው። እኔ አልመደብኩትም፣ ራሱ ጠየቀ። (ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።) አሁን ግን ካሜራውን ለጋሽ ግርማ ሰጥቶ ወደ ኋላ ሄዷል፣ የመጨረሻው ፉርጎ ጋ ቆሞ፣ ሲነቃነቅ ሊደውልልኝ።

ተነሳን! ከኋላዬ ቷ። ቷ። ቷ። እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አሁን አይሰማም።

ስልኬ ጠራ። ታምራት እየጮኸ ነው፣ እኔ ጋ ደረሰ፣ ሮማን፣ እኔ ጋ ደረሰ! ሹፌሩ በእጃቸው ያሳዩኛል። ጡሩምባውን አንቺ ንፊው አሉኝ። እኔ! እስክሪብቶዬን ላስቀም—